እንስራ ፌርማታ

በዚህ ጽሑፍ የማንንም ስም አላነሳም። ረስቼ አይደለም፤ ዕድሜዬ ቢገፋም የልጅነት ጎረቤቶቼን እስከ አያቶቻቸው ድረስ እጠራለሁ። ምክንያቱ እያነበባችሁ ስትሄዱ ይገባችኋል። ትምህርቴ ከዳዊት አላለፈም፤ ፍርድ ሲጓደል ለማየት ግን ዳዊት ይበቃል።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከአዘዞ ወደ ጎንደር የምትወጣ አንዲት አሮጌ አውቶቡስ ነበረች። ዳገት ላይ ታቃስታለች፣ ቁልቁለት ላይ ትጮኻለች። ሹፌሩ ጢሙ የሸበተ፣ መንዳት የተማረው በጣሊያን ጊዜ የሆነ ሰው ነበር፤ ሁላችንም «አያ» እንለዋለን። አውቶቡሷ ሽንታ ወንዝ ስትደርስ ሳትቆም አልፋ አታውቅም። ሰው ለመጫን ብቻ መስሏችሁ፤ እሷም ውሃ ለመጠጣት ነው። ሞተሯ ግሎ እንፋሎት ሲተፋ አያ ይወርድና ወንዙ ዳር ካለው ዋንዛ ሥር ከተደረደሩት እንስራዎች አንዱን አንስቶ ያጠጣታል።

እንስራዎቹ የአንዲት ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ከወንዙ ማዶ እሷና ወገኖቿ ከሚኖሩበት ጉብታ፣ ከነሸክላዋ ማለዳ ትወርዳለች። ድስቷን፣ ምጣዷን፣ ማሰሮዋን ለገዢ ደርድራ ከነዚያ መካከል ሁለቱን ትልልቅ እንስራዎች ከምንጭ በቀዳችው ውሃ ትሞላቸዋለች። እነዚያ ለሽያጭ አይደሉም፤ ለመንገደኛ ናቸው። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ በእሷ ሸክላ ውስጥ ያደረ ውሃ ጥርስ ያማል። ማንም አዝዟት አይደለም፤ ምስጋናም አልጠበቀችም። ባታገኘውም አልገረማትም።

አጠጣጣችንን ልንገራችሁ። እሷ ውሃውን ሞልታ ወደ ሸክላዋ ፈቀቅ ትላለች። እኛ እሷ ፈቀቅ እስክትል እንጠብቃለን። ከዚያ ከየቦርሳችን ጣሳ አውጥተን፣ አማትበን፣ እንጠጣለን። ከእጇ የሚቀበል የለም፤ በቅሏ የሚጠጣም የለም። ልጅ ያዘሉ እናቶች የልጃቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ሸክላ ሠሪ ዓይኗ ይበላል ተብሎ ነዋ! በእሷ ድስት ወጥ እንሠራለን፣ በእሷ ማሰሮ ውሃ እንቀዳለን፣ እሷን ግን እንፈራለን። አያ አንድ ቀን አውቶቡሷን ሲያጠጣ፣

«እዩ እንግዲህ፣ ማኪናዬ ሳታማትብ ጠጣች፤ ምንም አልሆነች» አለ።

ሰው ሳቀ። እሷም ከወዲያ ሆና ሳቀች። ሳቋን መጀመሪያ ያየሁት ያን ቀን ነበር።

የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝሁ ጊዜ ቀኔ ሲደርስ የሰፈራችን አዋላጅ ሆዴን ዳብሳ «ልጁ ተዛንፏል፣ ሐኪም ቤት ውሰዷት» አለች። ባሌ ለእርሻ ጠዳ ወርዶ ነበርና አማቴ ይዛኝ ወጣች። ክረምት ነው። ሽንታ ደርሰን ከዋንዛው ሥር ተቀመጥን። አውቶቡሷ አዘዞ ላይ ጭቃ ይዟት ኖሮ ቀረች። ዝናቡ መጣ፤ ምጡም መጣ። አብረውን ሲጠብቁ የነበሩት ሴቶች «ማርያም ማርያም» ይላሉ እንጂ የሚያዋልድ አልነበረም። ሸክላ ሠሪዋ ተነሥታ መጣች።

«ልጄ፣ ማኪናውን አትጠብቂ» አለችኝ። «ይኸ ልጅ ማኪና አይጠብቅም።»

አማቴ መሐላችን ገባች። «እንዳትነኪያት!»

«እሺ፣ እመቤቴ። እንግዲያውስ እርስዎ ያዋልዷት።»

አማቴ ብዙ ወልዳለች እንጂ አዋልዳ አታውቅም። እኔ ያን ጊዜ ምን እንዳልሁ አላስታውስም፤ ኋላ ሲነግሩኝ «ዞር በሉልኝና ትምጣ!» ብዬ ጮኼያለሁ አሉ። ሸክላ ሠሪዋ ሸክላ የምታሽግበትን ጭድ ከሥሬ ጎዘጎዘችልኝ። ጭቃ ሲያሽ የኖረ እጅ እንዴት ያለ እጅ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከውጭ ሻካራ ነው፣ ውስጡ ግን ይሰማል። ሆዴን ይዛ ልጁን ቀስ እያደረገች አዞረችው። ወንድ ነው ሲሉን የከረሙት ልጅ ሴት ሆና ወጣች። ከመቀነቴ ክር ተልትላ እትብቷን አሠረች፤ በእንስራው ውሃ አጠበቻት፤ ሰጠችኝና እንደ ልማዷ ፈቀቅ ብላ ተቀመጠች።

እትብቷን ከዋንዛው ሥር ቀበርነው። የሰው ልጅ እትብቱ የተቀበረበት አገሩ ነው ይባላል። የኔ ልጅ አገሯ የአውቶቡስ ፌርማታ ነው።

አማቴ ቤት እንደገባን ለልጄ አንገት ክታብ አሠረችላት። ሰው «ምነው፣ ደህና ናት?» እያለ ሊጠይቅ ይመጣል፤ የሚጠይቀው ግን ሞቷን ነበር። ልጄ አልሞተችም። ወፈረች፣ ዳኸች፣ ነገረኛም ሆነች። ልጆች ሲጣሏት «ቡዳ ያዋለዳት!» ይሏታል። እሷም «አዎ፣ እናንተንም አስበላችኋለሁ!» ብላ ታባርራቸዋለች። ያን ስሰማ እስቃለሁ፤ ስቄ ስጨርስ ግን ልቤ ያርፍልኛል ማለት አልችልም።

ልጄ ትምህርት ቤት በምትገባበት ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ ለአውቶቡሷ ፌርማታዎች ሰሌዳ ሊተክል ነው ተባለ። እስከዚያ ድረስ «ዛፉ ጋ»፣ «ድልድዩ ጋ» እየተባለ ነበር የሚወረደው። በከተማው ያለው መንገድ በወንድ ስም አልቆ ነበርና የሴቶች ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረች አንዲት ደፋር ሴት ተነሥታ፣ «መንገዱ የጌቶች ከሆነ መቆሚያው የሴቶች ይሁን፤ ለዚህ አገር የሠሩ ሴቶች ሞልተዋል» አለች። የማዘጋጃ ቤቱን ሥራ የያዙት ቀኛዝማች መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። ኋላ ግን ወደዱት። የየሰፈሩ ሴቶችም ሄደን እንድንመሰክር ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ተጠራን።

ሸጋ ጉባኤ ነበር፤ አልነቅፈውም። በጠላት ጊዜ ከኩበት ሥር ስንቅ ደብቃ ለአርበኞች ስታደርስ የነበረች ሴት አንድ ፌርማታ ተሰጣት። ሴት ልጆችን ሰብስባ ዳዊት ስታስደግም ለኖረች መነኩሴ አንድ ተሰጣት። እልል አልን። ሽንታ ሲደርስ ግን የተነሣው ስም የአንዲት ባለርስት ወይዘሮ ነበር። መሬቱ ከወንዙ እስከ ጉብታው የእሳቸው ነው። ራሳቸውም ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ አርጅተዋል፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው አገጫቸውን አሳርፈውበታል።

ቀኛዝማች «ተቃዋሚ አለ?» አሉ፤ ለወጉ ያህል።

ተነሣሁ። አማቴ ነጠላዬን ጎተተችው፤ አልተቀመጥሁም።

«ጌታዬ፣ ሽንታ ላይ ለመንገደኛ ውሃ ስታጠጣ የኖረች ሴት አለች። ማኪናው ሳይቀር ከእሷ ጠጥቶ ነው የሚወጣው። የልጄ እትብትም እዚያ ነው የተቀበረ፤ ስለዚህ ያገባኛል። ፌርማታው የእሷ ነው።»

«የቷ ሴት?»

«ሸክላ ሠሪዋ።»

አንዲት ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሌላዋ፣ «እሷስ ብትሆን፣ ስሟን አንብቦ ከሥሩ የሚቆም ማን ደፋር ነው?» አለች። ተሳቀ። የትምህርት ቤቷ ኃላፊ ግን እስክሪብቶዋን አነሣች።

«ስሟ ማን ነው?» አለችኝ።

አፌን ከፈትሁ። ወደ ጎን ዞርሁ፤ ጎረቤቶቼን አየኋቸው። እነሱም እኔን አዩኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ውሃዋን ያልጠጣ የለም። ስሟን የሚያውቅ ግን አንድ አልተገኘም። «ሸክላ ሠሪዋ» ነው ሁላችንም የምንላት። ቀኛዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስም የሌላትን ሴት ሰሌዳ ላይ አላወጣም» አሉ። «ለሚቀጥለው ቅዳሜ ስሟን ይዘሽ ነዪ። ካልሆነ የወይዘሮዋ ይጸናል።»

ንዴቴ ሳይበርድ በማግሥቱ ወንዙን ተሻግሬ ጉብታውን ወጣሁ። ያን ያህል ዓመት ስታወርድ ያየሁትን ሸክላ ከየት እንደምታመጣው ለማየት አንድ ቀን እንኳ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ቤቷ ደጃፍ ላይ ጭቃ ስታቦካ አገኘኋት። እጇን ጠራርጋ በርጩማ ሰጠችኝ። ተቀመጥሁ። ውሃ ስትሰጠኝ በቅሏ ተቀብዬ ሳላማትብ ጠጣሁ። አየችኝ።

የመጣሁበትን ነገርኋት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ጭቃውን ትታ እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ልጄ፣ ስሜን አትስጫቸው።»

«ምነው?»

«በናንተ ሰፈር ሰው ሲታመም ምን ታደርጋላችሁ?»

ዓይኔን ወደ ጭቃው ጣልሁ። አውቃለሁና።

«እኔ ልንገርሽ» አለች። «ሰው ሲታመም፣ ሐኪምም ጸበልም ሳይደርስ፣ በጭስ ታፍኑታላችሁ። ‘ማነሽ? ማነሽ የበላሽው? ስምሽን ተናገሪ!’ እያላችሁ ትይዙታላችሁ። በሽተኛው ጭሱ ሲያፍነው ከሚያውቀው ስም አንዱን ይጠራል፤ መተንፈስ ስለሚፈልግ ይጠራል። ከዚያ ዱላ ይዛችሁ ወደ ተጠራችው ቤት ትመጣላችሁ። እናቴን እንዲህ ጠሯት። ገበያ ላይ ስሟን የማያውቅ አልነበረም፤ ሸጋ ስም ነበራት፣ ሳቂታ ነበረች። በእኩለ ቀን ቤታችን ላይ እሳት ለቀቁበት። እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየች። እኔ ከዚያ ወዲህ ለማንም ስሜን ነግሬ አላውቅም። የማያውቀውን ስም የሚጠራ በሽተኛ የለም።»

ጭቃውን እንደገና ማሸት ጀመረች።

«አሁን አንቺ መጥተሽ ስሜን መንገድ ላይ ስቀይው ትይኛለሽ። አላፊ አግዳሚው ያነበዋል፤ ያላነበበው ይሰማዋል። በዚያ ሳምንት ከአዘዞ እስከ ጎንደር ወባ የያዘው ሁሉ ማንን የሚጠራ ይመስልሻል?»

እኔ በክርክር የሚረታኝ ሰው አልወድም፤ ያን ቀን ግን ተረታሁ። ከሁሉ ያቃጠለኝ ነገር እውነቷን መሆኑ ነው። እሷን ላከብር ብዬ በፍርድ ስም የተሸከምሁት ነገር ለእሷ እሳት ነበር።

«ታዲያ ዝም ብዬ ልተወው? መቆሚያሽን ለሌላ ይስጡት?» አልኋት።

«ውሃው ይበቃኛል። ሰው ይጠጣል፤ አይደል?»

«አይበቃሽም!»

ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! ምጥ ላይም እንዲህ ነበርሽ።»

በቀጠሮው ቅዳሜ ወደ አዳራሹ ባዶ እጄን ገባሁ። ቀኛዝማች «እህሳ፣ ስሟን አመጣሽ?» አሉኝ።

«አላመጣሁም። አትሰጥም።»

«ይኸውላችሁ!»

«ለምን እንደማትሰጥ ግን ይዤ መጥቻለሁ» አልሁ። የእናቷን ነገር ነገርኋቸው፤ ጭሱን፣ ጩኸቱን፣ እሳቱን። ሳምንት የሳቁት ሴቶች መሬት መሬት ያዩ ጀመር። አፏን ሸፍና የነበረችዋ ሴት ነጠላዋን ዝቅ አደረገች። ከመካከላቸው የዚያን ቤት መቃጠል ያየ ነበር፤ ምናልባትም እሳት ያቀበለ ነበር። ማንም «ውሸት ነው» አላለኝም።

«ስሟን የቀማናት እኛ ነን» አልሁ። «ቀምተን ስናበቃ ‘ስም የላትም’ ብለን መቆሚያዋንም ለሌላ አንሰጥም። ባዶውን ይቅር!»

«ባዶ ሰሌዳ ተክዬ መሳቂያ ልሁን?» አሉ ቀኛዝማች።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮዋ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

«እኔን የጠየቀኝ አለ?» አሉ። «እኔ ከበቅሎ በቀር ተቀምጬ አላውቅም። ያንን የሚያቃስት ነገርም ልሳፈርበት አላስብም። ለማልቆምበት መቆሚያ ስሜን ምን ልታደርጉበት ነው? ጭቃ ሊረጭብኝ? አውርዱልኝ!»

«እሜቴ፣ ክብር ነው እኮ…» አሉ ቀኛዝማች።

«አውርዱ አልኩ።»

ኩራት ይሁን ደግነት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

የትምህርት ቤቷ ኃላፊ ነች መላውን ያመጣችው። ሰሌዳዎቹን የሚጽፈው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሥል ሰው ነበር። «ይሣልበት» አለች። «ስም አይኑርበት። እንስራ ይሣልበት።»

ቀኛዝማች ተነጫነጩ። እንስራ ሥሎ መንገድ ላይ ማቆም ለከተማ አይገባም አሉ። እኔ ደግሞ፣ «ጌታዬ፣ ከአዘዞ ከሚሳፈረው ሰው ፊደል የሚያውቀው ስንት ነው? የዚያችን አርበኛ ያበላች ሴት ስም እንኳ ማን ያነብላታል? እንስራን ግን የማያነብ የለም» አልኋቸው። አልመለሱልኝም። ለኔ ዝምታቸው ፈቃድ ነው ብዬ ወሰድሁት፤ የትምህርት ቤቷ ኃላፊም ቶሎ ብላ ጻፈችው።

ሰሌዳው የተተከለ ዕለት ሽንታ ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ሠዓሊው እንስራውን ቀይ አድርጎ፣ ዳር ዳሩን እንደ መስቀል ሐረግ በወርቃማ ቀለም ከብቦታል። የሚያበራ ነገር ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ሰዉ እስኪበታተን ጠብቃ መጣች። አንገቷን ዘመም አድርጋ ብዙ ጊዜ አየችው። ልታለቅስ ነው ብዬ ዓይኔን ወደ ወንዙ መለስሁ።

«አንገቱን አሳጠረው» አለች። «እንዲህ ያለ እንስራ በመንገድ ውሃ ያፈሳል።»

በሚቀጥለው ቀን የአውቶቡሷ ረዳት በሩን እየደበደበ «እንስራ! እንስራ ወራጅ አለ?» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ቦታው እንስራ ሆነ። ከዛሪማ እህል ይዞ የመጣ ነጋዴ እንኳ «እንስራ ጋ አውርዱኝ» ይላል። የሌሎቹን ፌርማታዎች ስም ሰው ወዲያው ተምታታበት፤ የኛው ግን ጸና።

ነገሩ በዚህ አልተስተካከለም። ተስተካከለ ብል እዋሻለሁ። ሰዉ እንስራ ላይ እየወረደ፣ ከእንስራዋ እየጠጣ፣ አሁንም ጣሳውን ከቦርሳው ያወጣ ነበር። አንዳንዶች ግን ማማተብ ተዉ። አንዲት ወጣት እናት የልጇን ፊት ሳትሸፍን ከፊቷ ስታልፍ አይቻለሁ፤ ሸክላ ሠሪዋ ያን ጊዜ ራሷ ፊቷን አዞረች፤ ለልጁ ብላ፣ ምናልባት ከታመመ በእሷ እንዳይላከክ ብላ። ይኸን ያየሁ ዕለት ምሳ አልበላሁም። አማቴ «ምን ሆነሽ ነው?» ብትለኝ «ጠገብሁ» አልኋት።

የሸክላ ሠሪዋ ዓይን መድከም ሲጀምር ወደ ሽንታ መውረድ አበዛሁ፤ እንስራዎቹን እኔና ልጄ እየሞላን። ልጄ ኮረዳ ሆና ነበር፤ እንስራ አዝላ ስትመጣ አያ ከመስኮቱ «አገርሽ ላይ ነሽ?» ይላታል፤ «አገሬ ላይ ነኝ!» ትለዋለች። አንድ ረፋድ ላይ ሸክላ ሠሪዋ እጄን ያዘችና ወደ ራሷ ሳበችኝ። በጆሮዬ አንድ ቃል ነገረችኝ። ስሟ ነበር።

«ላንቺ አይደለም» አለችኝ። «ለልጅሽ ነው። ሰው ያዋለደችውን ማወቅ አለበት። ሰሌዳ ላይ ግን እንዳታወጪው።»

«አላወጣውም።»

«ማይልኝ።»

ማልሁላት። መሐላዬን እስከ ዛሬ ጠብቄያለሁ፤ ይኸን ጽሑፍም ስም አልባ ያደረግሁት ለዚያ ነው። የእሷን ሳልጽፍ የሌላውን መጻፍ ደግሞ ልቤ አልፈቀደም፤ እሷ ዝቅ ብላ ቀኛዝማች ከፍ እንዳይሉብኝ።

በሞተች ጊዜ ጉብታው ላይ ወጥቼ ከሕዝቧ ጋር ቆምሁ። ከኛ ሰፈር ጥቂት ሰው መጥቶ ነበር፤ አያ ከነአሮጌ ባርኔጣው፣ የትምህርት ቤቷ ኃላፊም። አልቃሿ ሴት ስሟን እየጠራች አለቀሰች። ያን ስም ጮክ ተብሎ ሲጠራ የሰማሁት የመጀመሪያው ጊዜ ነበር፤ ከእንግዲህ የሚያቃጥሉት ቤት የለምና።

ልጄ ኋላ አግብታ ሴት ልጅ ወለደች። ክርስትና ስትነሣ ቄሱ ሌላ ስም አወጡላት፤ ለቤት መጠሪያ የሚሆነውን እናቷ መረጠች። ጎረቤት «ይኸ ስም ከወዴት መጣ? በቤታችሁ የለ» አለን። «ከሽንታ» አልን፤ ሌላ አልጨመርንም። ልጅቱ ዛሬ አድጋለች፣ ጨዋታ ትወዳለች፣ ከሰው ደጅ አትጠፋም። እራት ሲደርስ በር ላይ ቆሜ በሙሉ ድምፄ እጠራታለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ማንም ዱላ ይዞ ከቤቱ አይወጣም።